አዳኝ የሌለበት አደን፦ የወጥመድ ክርክር በይፋት ቆላ

በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ወጥመድ የሚለው ቃል ብዙ ዓይነት መሣሪያ ይጠቀልላል። እረኛ ልጆች ከከብት ጭራ ፀጉር ገምደው ለቆቅና ለጅግራ የሚዘረጉት አሽክላ አንዱ ነው። እርጥብ እንጨት ጎብጦ በቀጭን መያዣ ከተወጠረ በኋላ፣ እንስሳው ሲነካው ተስፈንጥሮ የሚያንቀው ወስፈንጥር ሌላው ነው። አፉ በጭራሮና በቅጠል የተሸፈነ ጉድጓድም አለ። ዛሬ ክርክር የሚያስነሳው ግን የሽቦው ሸምቀቆ ነው። ለመሥራት ብዙ ጊዜ አይፈጅም፦ ከአጥር የተረፈ ወይም ከአሮጌ ጎማ የወጣ ሽቦ አንድ ጫፉ ተጠምዝዞ ቀለበት ይሆናል፤ ሌላው ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ አልፎ ከግራር ግንድ ወይም ከከባድ ጉማጅ ጋር ይታሰራል። ቦታው የሚመረጠው በዱካ ነው። የእሾህ አጥሩ ተገፍቶ በተከፈተበት ሽንቁር፣ እሾሁ ላይ ጭቃና ሻካራ ፀጉር ተለጥፎ ከታየ፣ ከርከሮ የሚመላለስበት መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። ሸምቀቆው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ካለ ለጃርት፣ ሁለት ስንዝር ከሆነ ለከርከሮ፣ ጉልበት ላይ ከደረሰ ለድኩላ ይሆናል፤ ለጎረቤት ጥጃም እንዲሁ።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር በደብረ ሲና በኩል ሲቆለቆል ጋቢ የለበሰ መንገደኛ ታች ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ይይዛል። የሮቢ፣ የጀውሃና የአታዬ ወንዞች ከደጋው ወርደው ቆላውን ያጠጡና ወደ አዋሽ ያቀናሉ። በወንዞቹ ዳር ሽንኩርት በመስኖ ይለማል፤ ከዚያ ወዲያ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ይዘራል፤ ከማሳው ቀጥሎ የግራርና የቁጥቋጦ መሬት ይጀምርና ወደ ምሥራቅ እስከ አፋር ሜዳ ይዘልቃል። አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር በዚህ ቀጭን ወገብ ላይ ገበያና ውኃ ይጋራሉ። የዱር እንስሳቱም በዚያው ወገብ ይመላለሳሉ። ትከሻው ላይ ሽበት የሚመስል ጎፈር ያለው የቆላ ዝንጀሮ በቀን በመንጋ ይመጣል። ከርከሮና ጃርት ማሳውን ይቆፍራሉ፤ ጅብ በየቦታው አለ። ከላይ በኩል ከወፍ ዋሻ ደንና ከአንኮበር ገደላገደል ነብር አልፎ አልፎ ወደ ፍየል በረት ይወርዳል። ሚዳቋና ድኩላ፣ ቆቅና ጅግራ ደግሞ በጥቅጥቁ ውስጥ ናቸው።

አዳኞች በወጥመድ ላይ ሲከራከሩ መጀመሪያ የሚነሳው መሬቱ የማን ነው የሚለው ነው። በሌላው ዓለም ክርክሩ የሚካሄደው «በመንግሥት መሬት ላይ ወጥመድ ይከልከል ወይስ አይከልከል» በሚል ነው። እዚያ የግል ርስት የሚባል ነገር ስላለ ክልከላው ከርስቱ አጥር ላይ ይቆማል። በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ የገበሬው ማሳም፣ ከማሳው ማዶ ያለው ቁጥቋጦም፣ የከብት ማሰማሪያውም በባለቤትነት አንድ ናቸው። በተግባር የሚለያቸው ይዞታ ነው። ማሳው የግል ይዞታ ነው፤ ግጦሹና ጥሻው የወል። ገበሬው በራሱ አጥር ሽንቁር ላይ የሚያስረው ሽቦና ወል መሬት ላይ የእንስሳ መሄጃ ተከትሎ የሚዘረጋው ሽቦ በሕግ ፊት አንድ ዓይነት ቢሆኑም በሰፈር ፊት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እህል መጠበቅ ይባላል። ሁለተኛውን ሰዎች በስም ሳይጠሩት ያልፉታል።

ከይፋት በላይ ያለው ደጋ ወል መሬት ባለቤት ሲኖረው ምን እንደሚመስል ያሳያል። በመንዝ የጓሳ ምድር ለዘመናት የቆየው የቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለተወሰነ ጊዜ ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ በአንድ ቀን ለባለ መብቱ ሁሉ ይከፍት ነበር። ሲዘጋ ሁሉም ይወጣል፤ ሲከፈት ሁሉም ይገባል፤ በመካከሉ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ነዋሪው በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቋመው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ሆኖ በክልሉ ሕግ ዕውቅና አገኘ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬ እዚያ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቆላው እንዲህ ያለ ዘብ የለውም። እረኛው ወቅት እየተከተለ ይገባል ይወጣል፤ ከሰል አክሳይ ይመጣል ይሄዳል፤ የአፋር ግመል በበጋ ያልፋል። ሽቦ ያሰረ ሰው እዚያ ማን እንደሆነ የሚጠይቀው የለም።

የክርክሩ ሁለተኛ ሥር ክብር ነው። በሸዋ ማኅበረሰብ ትልቅ አውሬ የገደለ ሰው ግዳይ ጣለ ይባላል፤ ይፎክር፣ ይሸለም ነበር። አንበሳ የገደለ ጎፈሩን ይለብስ ነበር፤ ዝሆን የገደለ በሹማምንት ፊት ይቆጠርለት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በአንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ የቆየው እንግሊዛዊው መልእክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ራሱ በደቡብ አፍሪካ በአደን ስሙን የተከለ ሰው ነበር፤ ጠመንጃና አውሬ ለሁለቱም ወገን የሚገባ ቋንቋ ነበሩ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ወጥመድ ቦታ የለውም። በወጥመድ የተያዘ ነብር ላይ የሚፎክር ሰው መሳቂያ ነው፤ ምክንያቱም ፉከራ ፊት ለፊት መጋጠምን፣ ጥይቱ ባይመታ የሚከተለውን አደጋ ይተርካል። አጥማጅ ግን ግዳዩ ሲወድቅ እቤቱ ተኝቶ ነበር። ባለ ጠመንጃው ለአጥማጁ ያለው ንቀት ከዚህ የመጣ እንጂ ለእንስሳው ከማዘን አይደለም፤ ይህን ሳይለዩ ነገሩን በርኅራኄ መነጽር ብቻ የሚያዩ ጽሑፎች ግማሹን ይስታሉ።

ሦስተኛው ሥር ማዕድ ነው፤ በይፋት ከሁሉም የሚከብደው ይኸኛው ነው። በአካባቢው ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ሳይታረድ የሞተ ግን ለሁለቱም በክት ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ታንቆ ከሞተ እንዲርቁ ያዛል፤ ቁርኣንም በአል ማኢዳ ምዕራፍ 3ኛው አንቀጽ ታንቆ የሞተውን በስም ጠርቶ ይከለክላል። ሸምቀቆ ሥራው ማነቅ ነው። ስለዚህ ሌሊት በሽቦ ተይዞ እስከ ጠዋት የሞተ ሚዳቋ ለማንም አይሆንም፤ ሥጋው ያለው በቢላዋው ሰዓት ላይ ነው። ጥይት የመታው ድኩላ ሲወድቅ አዳኙ የሚሮጠው ለዚህ ነው፤ ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋ መድረስ አለበት። ከሁለቱም እምነት የተውጣጡ ሰዎች አብረው ቢያድኑ ገና ከቤት ሳይወጡ ማን እንደሚያርድ ተነጋግረው ነው። ከርከሮና የዱር አሳማ ደግሞ ቢታረዱም ለሁለቱም አይበሉም። ጃርትም በክርስቲያኑ ማዕድ ላይ አይቀርብም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሽቦ ወጥመድን ያስፋፋው የሥጋ ገበያ ነው፤ ጫካ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ሸምቀቆ ዘርግቶ የሞተውንም ያልሞተውንም ሰብስቦ መሸጥ ያዋጣል። በይፋት እንዲህ ያለ ነጋዴ በክቱን የሚገዛው አያገኝም። የምግብ ሕጉ ማንም የዱር እንስሳት ጠባቂ ሳያስበው የወጥመድን ንግድ ገድቦታል። በሌላ በኩል ያው ሕግ ሽቦውን ወደ አንድ አቅጣጫ ገፍቶታል። የሚበላ እንስሳ ለማግኘት ስለማይጠቅም፣ የማይበላውን ለማስወገድ ብቻ ይውላል። የሚበላ የሚፈልግ ሰው ሸምቀቆውን ሄዶ ማየት ግድ ይለዋል። ከርከሮ ብቻ እንዲሞትለት የሚፈልግ ሰው ግን ሄዶ የሚያይበት ምክንያት የለውም፤ ሬሳውን ጅብ ይወስደዋል። ከወጥመድ ሁሉ ክፉው ማንም የማይጎበኘው ነው፤ በይፋት በብዛት ሊኖር የሚችለውም ይኸው ዓይነት ነው።

ወጥመድን ከሚቃወሙት መካከል ድምፃቸው ጎላ የሚለው ባለ ውሾቹ ናቸው። ከርከሮን በውሻ የሚያሳድድ ሰው ውሻውን ወደ ጥሻ ሲለቅ ሸምቀቆ የት እንዳለ አያውቅም፤ ውሻው ደግሞ ከርከሮው በሄደበት ሽንቁር ይሄዳል። የተያዘ ውሻ ሲታገል ሽቦው ይጠብቃል። እረኞችም ከእነርሱ ጋር ይስማማሉ፤ የፍየል ግልገልና የግመል እግር ሽቦውን አይለዩትም። ጉዳት ሲደርስ ነገሩ በሽማግሌ ፊት ይቀርባል፤ ከብቱ የሌላ ብሔረሰብ ከሆነ ደግሞ ካሳው ከፍየሏ ዋጋ በላይ ይሆናል፣ ምክንያቱም የሚታረቁት ሁለት ሰዎች ብቻ አይደሉም። በአማርኛ የሚታወቀው ተረት፣ ጉድጓድ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና አርቀህ አትማሰው ይላል፤ የተባለው ለተንኮል ቢሆንም እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

ባለ ጠመንጃዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት መምረጥ ነው። ተኳሽ ጎረምሳውን ከምታጠባ እናት ይለያል፣ ያረገዘችውን ይተዋል፣ ካልታየው አይተኩስም። ሸምቀቆ ወፍራሙንና ቀጭኑን ብቻ ይለያል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተኳሹ ሁልጊዜ እንደሚናገረው አይደለም። በመንጋ የመጣ ዝንጀሮ ላይ የሚተኮስ ጥይት የሚመርጠው ቀርቦ የቆመውን ነው።

ወጥመድን የሚደግፈው ገበሬ መልሱን ከማሳው ያመጣል። ማሽላ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሳምንታት ቤተሰቡ በፈረቃ ማማ ላይ ያድራል። ልጁ ቀን ወንጭፍ ይዞ ጅራፍ እያጮኸ ዝንጀሮና ወፍ ያባርራል፤ አባቱ ሌሊት እሳት አንድዶ ይጠብቃል። ትምህርት ቤት የሚከፈተውም በእነዚሁ ሳምንታት ነው። ጃርት የሚመጣው በጨለማ ነው፤ ጠመንጃ ቢኖርም ዒላማ የለም። ለከርከሮ አንድ ጥይት ማውጣትም ቀላል ወጪ አይደለም፣ በምላሹ የሚገኝ ሥጋ የለምና። ጠመንጃ ራሱ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ፈቃድ ይፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ያለፉት ዓመታት ሌላ ነገር ጨምረውበታል። አታዬ በሚያዝያ 2013 ተቃጥላለች፤ ሸዋ ሮቢት በኅዳር 2014 በጦርነቱ መስመር ውስጥ ገብታለች፤ ከዚያ ወዲህም አካባቢው ሙሉ ሰላም አላገኘም። እንዲህ ባለ ቦታ ምሽት ላይ የተሰማ አንድ ተኩስ ለከርከሮ ነው ብሎ የሚያስብ የለም። የሽቦው ጸጥታ በሰላም ጊዜ የማይታሰብ ዋጋ አግኝቷል።

በሁለቱም ወገን የማይነሳ አንድ ነገር አለ። ዝንጀሮና ከርከሮን የሚያድነው ነብር ነው። በፍየል በረት ዙሪያ ለነብር የሚጠመድ ሸምቀቆ ወይም መርዝ የተነሰነሰበት ሬሳ ፍየሉን ያድን ይሆናል፣ ማሽላውን ግን ለዝንጀሮ ይለቅቃል። ፍየሉና ማሽላው የአንድ ቤተሰብ ሲሆኑ ሒሳቡ የማይገጥም ይሆናል። መርዙ ደግሞ በነብር አያበቃም፤ ሬሳውን የበላ ጅብና ጥንብ አንሳ ይከተላል።

ሕጉ የራሱ ታሪክ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1909 አደንን የሚገድብ ደንብ ያወጡ ሲሆን ዋናው ጉዳይ ዝሆን ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1936 ዓ.ም. የአደን አዋጅ ወጣ፣ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ዝርዝር የዱር እንስሳት ጥበቃ ደንብ ተከተለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ እንዳያድን ከልክሎ፣ ተላላፊውን ከ5,000 እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። በዓመቱ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ተቋቋመ። ፈቃድ የሚወስደው በአብዛኛው በተከለለ የአደን ቀበሌ ውስጥ በአስጎብኚ ታጅቦ የሚያድን የውጭ አገር ሰው ነው። ሸዋ ሮቢት ያለ ገበሬ ለአንድ ሸምቀቆ ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም፤ ቢጠይቅም የሚያስተናግደው መስኮት አይታወቅም። ስለዚህ እዚህ ወጥመድ ይከልከል ወይ ብሎ መጠየቅ የዘገየ ጥያቄ ነው፤ ሕጉ ዘግቶታል። ክርክሩ የቀጠለው የተዘጋው በር በማሳው በኩል ክፍት ሆኖ ስለቀረ ነው።

ወጥመድን በስም ጠርቶ የሚኮንን ሐሳብ ወደ አፍሪካ ሕጎች የገባው ከቅኝ ገዥዎች ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በለንደን የተፈረመው የአፍሪካ የዱር አራዊትና ዕፅዋት ስምምነት በእሳት መክበብን፣ መርዝን፣ መረብን፣ ጉድጓድንና ወጥመድን አንድ ላይ አወገዘ። የፈረሙት አውሮፓውያን አደን ሲሉ ጠመንጃ ማለታቸው ነበር፤ የተወገዘው ዝርዝር ደግሞ የአፍሪካዊው ገበሬ መሣሪያ ሁሉ ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ስምምነት አልነበረችበትም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባላት በመስከረም 1961 ዓ.ም. በአልጀርስ ያጸደቁት ስምምነት ያንን ዝርዝር ወረሰ፣ ግን አለዘበው። መርዝ፣ ፈንጂ፣ በተሽከርካሪ ማሳደድና የሌሊት አደን በቀጥታ ተከለከሉ። ወጥመድ፣ ጉድጓድና ሸምቀቆ ግን «በተቻለ መጠን» እንዲከለከሉ ተባለ። የሚገርመው፣ በዚያው መስመር ላይ ከማድፈጫ ተደብቆ ማደንም አብሮ ተቀምጧል። ነብር በስፖርት አዳኞች የሚታደነው በአብዛኛው ሥጋ ተሰቅሎ ከማድፈጫ ነው። ጽሑፉ በቀጥታ ቢነበብ የገበሬው ሸምቀቆና የሀብታሙ ማድፈጫ አንድ ሚዛን ላይ ናቸው፤ በተግባር ግን አንዱ ያስከስሳል፣ ሌላው ደረሰኝ ይቆረጥለታል።

በሌላው ዓለም አዳኞች በዚህ ጉዳይ እንዴት እንደተከፈሉ ማየት ይጠቅማል። እንግሊዝ ጥርስ ያለውን የብረት ወጥመድ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ከለከለች። በአሜሪካ የአሪዞና መራጮች በ1994 በመንግሥት መሬት ላይ እግር የሚይዝ ወጥመድና ሸምቀቆ እንዳይኖር በድምፅ ወሰኑ። የሞንታና መራጮች በ2016 ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦላቸው አልተቀበሉትም። ኒው ሜክሲኮ በ2021 ክልከላውን በሕግ አጸደቀች፤ ሕጉ በሰፊው የሚታወቀው ሮክሲ በምትባል፣ በሸምቀቆ በሞተች ውሻ ስም ነው። የባለ ውሾች ቅሬታ በሸዋ ሮቢትም በኒው ሜክሲኮም አንድ መሆኑ የአጋጣሚ አይደለም፤ ውሻ በሰውና በአውሬ መካከል የሚሮጥ ብቸኛው እንስሳ ነው። እዚያ ወጥመድን የሚከላከሉ አዳኞች ዋና መከራከሪያ ሌላ ነው፦ ዛሬ ወጥመድ ከተከለከለ ነገ ተራው የጠመንጃው ይሆናል የሚል ሥጋት። በኢትዮጵያ ይህ ሥጋት ትርጉም የለውም፣ ለተራው ሰው በጠመንጃ ማደንም ቀድሞ ተከልክሏልና። የአሜሪካ አጥማጅ የእንስሳውን ቆዳ ከነፀጉሩ ይሸጣል፤ የይፋት አጥማጅ የሚሸጠው የለም። ከዚያ የሚወሰድ አንድ ጠቃሚ ሐሳብ ቢኖር የጉብኝት ግዴታው ነው። ብዙ ግዛቶች ወጥመዱን ያጠመደ ሰው በየስንት ሰዓቱ ሄዶ ማየት እንዳለበት ይደነግጋሉ፤ አንዳንዶቹም በወጥመዱ ላይ መለያ እንዲኖር ይጠይቃሉ። የበክት ሕግ በሃይማኖት ያደረገውን እነዚህ ሕጎች በሰዓት አደረጉት።

የኬንያ ታሪክ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ ይዟል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 የስፖርት አደንን ሙሉ በሙሉ ከለከለች። ጠመንጃ የያዘው ደንበኛ ሲሄድ ሽቦው ግን አልጠፋም፤ በጻቮ ዙሪያ ከ1999 ጀምሮ ሸምቀቆ የሚለቅሙ ቡድኖች ጫካ ለጫካ እየዞሩ ይሠራሉ። የሽቦ ወጥመድ የሚቀንሰው በአዋጅ ብቻ ሳይሆን በእግር በሚዞር ሰው መሆኑ እዚያ ታይቷል።

ወደ ይፋት ሲመለሱ፣ መምረጥ የማይችል መሣሪያ ሁሉ ሽቦ አይደለም። ማሽላው ሲደርስ ግሪሳ ወፍ በደመና መልክ ይወርዳል። አንዷ ወፍ በቀን 10 ግራም ገደማ ፍሬ ብታጠፋ፣ አንድ ሚሊዮን ወፍ በቀን 100 ኩንታል ይሆናል። ወንጭፍና ጅራፍ የሚረዱት እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን መንግሥት አውሮፕላን ልኮ ወፎቹ በሚያድሩበት ሸምበቆና ግራር ላይ ፌንቲዮን የሚባለውን መድኃኒት ያስረጫል። ፌንቲዮን ግሪሳን ከሌላው ወፍ አይለይም፤ የሞተችውን ወፍ የበላ ጭልፊትም ይጎዳል። በታንዛኒያ በኮንዶዋ አካባቢ ግን ሰዎች ግሪሳን በመረብና በቅርጫት ወጥመድ በብዛት ይዘው ይመገቡታል፤ ተመራማሪዎችም በመርጨት ፋንታ ማጥመድን እንደ አማራጭ አጥንተውታል። እዚያ ወጥመድ ከመርዝ የተሻለው ሆኖ ቀርቧል። በይፋት ይህ አማራጭ ማዕድ ላይ ይሰናከላል፤ ክርስቲያኑ ግሪሳ አይበላም፣ ሙስሊሙም አልለመደውም። ቢሆንም የአውሮፕላኑ መርጨትና የገበሬው ሸምቀቆ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጥያቄው ይቀየራል። አንዱ ከሰማይ የሚወርድ የመንግሥት ሥራ በመሆኑ ወጥመድ አይባልም፣ ሞት ሲያስከትል ግን ከመሬቱ ሽቦ በላይ ይሰፋል።

በኢትዮጵያ ውስጥ በግልጽ የታወቀ የማጥመድ ሥራ ቢኖር የጥርኝ ነው። ዝባዱ ለሽቶ ስለሚፈለግ፣ በተለይ በደቡብ ምዕራቡ ክፍል ጥርኝ ከነሕይወቱ ተይዞ በእንጨት ጎጆ ውስጥ እየተቀለበ ዝባዱ ይቀዳል። ይፋት በዚህ ሥራ አይታወቅም፤ ለክርክሩ ያለው ፋይዳ አንድ ነው፦ አጥማጁ ጥርኟ በሕይወት ካልተያዘች ምንም ስለማያገኝ ወጥመዱን ይጠብቃል። ጥርኟ ከተያዘች በኋላ የሚደርስባት የጎጆ ሕይወት ራሱን የቻለ ወቀሳ ያስነሳል።

እነዚህን ሁሉ ክሮች ሲያቀራርቡ የሚታየው ሐሳብ ግልጽ ነው። ባለ ጠመንጃው አጥማጁን የሚንቀው ግዳዩ ሲወድቅ ስላልነበረ ነው። የሃይማኖት ሕጉ ሸምቀቆን የሚያከሽፈው ቢላዋ የያዘ እጅ ስላልደረሰ ነው። ባለ ውሻው የሚያማርረው ውሻው ሲታነቅ የሚፈታው ሰው ስላልነበረ ነው። የአሜሪካ ግዛቶች የጉብኝት ሰዓት ያስገደዱትም ለዚሁ ነው። ወጥመድ አዳኝ የሌለበት አደን ነው፤ ችግሩም ጥቅሙም ከዚያ ይመነጫል። ገበሬው የሚፈልገው በትክክል ይህንኑ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ማማ ላይ ማደር ስለሰለቸው። እንግዲህ ክልከላ ብቻ የሚያቀርብ ሕግ ለገበሬው የሚለው ተመልሰህ ማማ ላይ ውጣ ነው። በኢትዮጵያ በዱር እንስሳት ለጠፋ ሰብል ካሳ መክፈል የተለመደ አሠራር አይደለም፤ ስለዚህ የክልከላው ዋጋ በማሳው ባለቤትና ከትምህርት ቤት በሚቀረው ልጁ ላይ ይወድቃል።

የተለያዩ ወገኖች የሚያቀርቧቸው መካከለኛ ሐሳቦች አሉ። አጥር ሽንቁር ላይ ያለውን ሸምቀቆ ከወል መሬቱ ሸምቀቆ ለይቶ ሁለተኛውን ያለ ምሕረት ማንሳት አንዱ ነው፤ ይህ የመሬት ሕጉ ከማይሰጠው መለያ ይልቅ ሰፈሩ ከሚያውቀው መለያ ጋር ይገጥማል። ማነቂያ ሽቦን ትቶ ከነሕይወት የሚይዝ የሳጥን ወጥመድ በቀበሌ ደረጃ እንዲኖር ማድረግ ሌላው ነው፤ ነገር ግን ከተያዘው ዝንጀሮ ጋር ምን እንደሚደረግ ሳይወሰን ሳጥኑ ትርጉም የለውም። ወረዳው ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ በወቅቱ የጋራ የማባረር ዘመቻ ቢያደርግ የግለሰቡን ሽቦ ይቀንሳል የሚሉም አሉ። ይህ በመርህ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው መሣሪያ ይዞ ጥሻ መግባት አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ግን ቀላል አይደለም።

ከሁሉም ያነሰ ትኩረት የሚያገኘው ከአጨዳ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ማሽላው በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ሲከመር ማማው ይፈርሳል፤ የእሾህ አጥሩም ለማገዶ ይነሳል ወይም ከብት ገብቶ ቃርሚያ እንዲበላ ይከፈታል። ማሳው ለጊዜው የሁሉም ይሆናል። ሽቦውን ግን የሚያነሳ የለም። ከግራሩ ግንድ ጋር ታስሮ፣ ሽንቁሩ ባይኖርም ሽንቁሩ በነበረበት ቦታ፣ ሁለት ስንዝር ከመሬት ከፍ ብሎ ተከፍቶ ይቆያል። ቃርሚያ ላይ የሚሰማራው ጥጃ የሚያልፈው በዚያው ነው።